ኮምፒውተራችሁና ራውተራችሁ የዲዶስ ጥቃት መሣሪያ እንዳይሆኑ

ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። መድኃኒት ቤት፣ ፔንሲዮን፣ ትምህርት ቤት፣ አነስተኛ ቢሮ እየገባሁ ኬብል እስባለሁ፣ ራውተር እሰቅላለሁ፣ ካሜራ አገናኛለሁ። ስለ ደኅንነት ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ ጋ ምን አለና ነው የሚሰርቁኝ?»

እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ቤት የሚሰረቅ ምስጢር የለም። ግን የሚፈለገው ፋይሉ አይደለም፣ መስመሩ ነው። ቀን ከሌት የማይጠፋ ራውተር፣ ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደወጣ የተተወ ካሜራ፣ ያለ ፈቃድ በክራክ የሚሠራ ዊንዶውስ፤ እነዚህ ለአጥቂ የነፃ ጉልበት ናቸው። ሰብስቦ ሌላ ሰው ላይ ያዘምታቸዋል።

ዲዶስ የሚባለው ይሄ ነው። ማንኛውም ድረ-ገጽ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥያቄ ልክ አለው። ከልኩ በላይ ሲጎርፍበት ይንገዳገዳል፣ ከዚያም ይቆማል። አጥቂው ጎርፉን ከራሱ ቤት አይልከውም። ብዙ ሺህ በሆኑ የሰው ዕቃዎች በኩል ነው የሚልከው። የሚቆመው ባንክ ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰው ለፍቶ ያቆመው ትንሽ የሽያጭ ገጽም ሊሆን ይችላል። የእናንተ ዕቃ ከዘመቱት አንዱ ከሆነ ምንም ሳታውቁ እጃችሁ አለበት። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ደግሞ መከላከያው ብዙ ጊዜ ብር አይጠይቅም። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ጥቂት ነገር መቀየር ይበቃል።

መስመሩ ላይ ማን እንዳለ ዕወቁ

ከዚህ ጀምሩ። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። በአብዛኛው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ብሮውዘር ላይ ጻፉትና ግቡ። የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ታገኛላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንድ በአንድ መዝግቡ። ይሄ የማን ስልክ ነው? ይሄኛውስ የትኛው ላፕቶፕ ነው?

ይሄን ያሠራኋቸው ሰዎች የረሱት ዕቃ አያጡም። የግቢ በር ላይ ያለ ካሜራ ይገኛል። ለሳሎኑ ሲግናል እንዲያደርስ ድሮ የተሰቀለ፣ ፓስወርዱን ማንም የማያስታውሰው ሁለተኛ ራውተር ይገኛል። ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ካያችሁ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩት። ባለቤቱ ሲቆረጥበት ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል።

ከቲቪው ጀርባ ያለችዋን ርካሽ የአንድሮይድ ቦክስ ደግሞ በተለየ ዓይን እዩአት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 «ባድቦክስ 2.0» ስለሚባል የተጠለፉ ዕቃዎች መረብ አስጠንቅቋል። ዋናዎቹ ተጠቂዎች እንዲህ ያሉ ስም የለሽ ቦክሶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ከካርቶናቸው ሲወጡ ጀምሮ ቫይረሱ አብሯቸው ነበር። ሌሎቹ መጀመሪያ ሲከፈቱ በሚጫነው አፕ ተጠለፉ። ቦክሱ «ሁሉም ቻናል በነፃ» የሚል ከሆነ፣ ወይም ሲከፈት የጉግልን ፕሌይ ፕሮቴክት አጥፉ ካላችሁ፣ ከኢንተርኔት ንቀሉት። የዚህ ዓይነቱን ዕቃ ማጽዳት እችላለሁ ብሎ መድከም አያዋጣም።

ካሜራና ዲቪአር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙውን ጉዳት የማየው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የሚባል ቫይረስ ተነሳ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ኢንተርኔቱን እያሰሰ ቴልኔት የሚባለው ከርቀት ማዘዣ መግቢያ የተከፈተበትን ካሜራ፣ ዲቪአር (የካሜራን ምስል የሚቀዳ ሳጥን) እና ራውተር ይፈልጋል። ሲያገኝ ከ60 የሚበልጡ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ይሞክርበታል። አድሚን አድሚን፣ ሩት 123456፣ እንዲህ ዓይነቶቹን። የገባለት ዕቃ የሚራይ ሎሌ ይሆናል፤ እሱም በተራው ሌላ መፈለግ ይጀምራል። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ይሄ መረብ ዳይን የሚባለውን የአሜሪካ ኩባንያ መታ። ዳይን የድረ-ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ይሰጥ ስለነበር ትዊተር፣ ኔትፍሊክስ፣ ሬዲትና ስፖቲፋይ ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ሚራይን የጻፉት 3 ወጣቶች በ2017 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ። ኮዱን ግን ከዚያ በፊት ኢንተርኔት ላይ ለቀውት ነበር። የሚራይ ልጆችና የልጅ ልጆች እስካሁን ይዞራሉ።

መገናኛ አካባቢ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት «ኢንተርኔቱ ሞተብን» ብለው ጠሩኝ። እናቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን አየሁት፣ ደህና ነው። ነቀልነው። ዋይፋዩን ዘጋነው። ምንም የቀረ ነገር ያለ አይመስልም፤ ራውተሩ ላይ ግን አንዷ መብራት ፋታ የላትም፣ ትርግብግብ ትላለች። ከእሷ የወጣውን ኬብል እየተከተልኩ ስሄድ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የለበሰ ዲቪአር ጋ ደረስኩ። ኬብሉን ነቀልኩት። መብራቷ ዝም አለች። ስልኬ ላይ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለካሁ፤ ተመልሷል።

«ልጄ፣ ማን የእኔን ካሜራ ያያል? ፓራሲታሞልና ሳሙና እኮ ነው የሚታየው» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሚታየውን ማንም አልፈለገውም» አልኳቸው። «ሳጥኑ ራሱ ኮምፒውተር ነው። በእርስዎ መስመር ሌላ ሰው እየደበደበበት ነው።»

የራውተሩን ገጽ ስከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ካሜራውን የገጠመው ሰው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከስልካቸው እንዲያዩ ብሎ ዲቪአሩን «ዲኤምዜድ» ውስጥ አስገብቶታል። ዲኤምዜድ ማለት ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ነገር በሙሉ ወደዚያ ዕቃ ይለፍ ማለት ነው። ፓስወርዱ 123456 ነው፤ ክዳኑ ላይ በማርከር ተጽፎበታል።

እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ከራውተሩ ንቀሉ። ከዚያ ዲቪአሩን ከመብራት ንቀሉና መልሳችሁ አብሩት። ሚራይና ዘመዶቹ በአብዛኛው የሚኖሩት ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ መብራት ሲቋረጥ ይጠፋሉ። አሁን ኬብሉ እንደተነቀለ በሞኒተርና በማውስ ገብታችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ። ኬብሉን መጀመሪያ ሰክታችሁ «ቆይቼ እቀይረዋለሁ» ካላችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ፈላጊዎቹ ሌት ተቀን ስለሚያስሱ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ሊያዝ ይችላል። ቀጥሎ ራውተሩ ላይ ዲኤምዜዱን አጥፉ። ለዲቪአሩ የተከፈተ ፖርት ፎርዋርዲንግ፣ ማለትም ከውጭ ወደ ዕቃው የሚያስገባ ቁጥር ያለው በር፣ ካለም ሰርዙ። አምራቹ አዲስ ፈርምዌር (የዕቃውን ውስጣዊ ፕሮግራም) ካወጣ ጫኑ። ኬብሉን የምትመልሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ቴክኒሻን የማያውቀው ነገር አለ። በአንዳንድ ርካሽ ዲቪአሮች ላይ በገጹ የምትቀይሩት ፓስወርድና የቴልኔቱ ፓስወርድ የተለያዩ ናቸው። የቴልኔቱ ፋብሪካ ውስጥ ተቀብሯል፣ ልትቀይሩት አትችሉም። በ2016ቱ ጥቃት ጊዜ በብዙ ዕቃ ላይ የታየው ችግር ይሄው ነበር። ስለዚህ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ዕቃው ከውጭ ጨርሶ እንዳይታይ ማድረግ የግድ ነው።

«ታዲያ ከስልኬ እንዴት ልየው?» ትሉ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ራውተሩ ላይ ቪፒኤን መክፈት ነው። ዋየርጋርድ የሚባለውን ብዙ አዳዲስ ራውተሮች ይደግፋሉ። ከውጭ ስትሆኑ መጀመሪያ በእሱ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ካሜራውን ታያላችሁ። እሱ ካልተቻለ የካሜራው አምራች ራሱ ያዘጋጀውን አፕ ተጠቀሙ። እሱም እንከን አያጣውም፤ ቢሆንም ዲኤምዜድ ከፍቶ ከመቀመጥ ይሻላል።

ራውተሩ ራሱ

የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ። የዋይፋዩን ማለቴ አይደለም፤ የገጹን። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚያስችለው፣ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚባለው ክፍት ከሆነ ዝጉት። «ዩፒኤንፒ»ንም አጥፉት። ዩፒኤንፒ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ እናንተን ሳይጠይቅ በራሱ ፖርት እንዲያስከፍት ይፈቅዳል። ምናልባት አንድ የቪዲዮ ጌም ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

ሚክሮቲክ የሚባለው ራውተር ላላችሁ ግን ጠጋ ብዬ ላውራችሁ። እዚህ አገር ፔንሲዮኑም ሆቴሉም ካፌውም ሚክሮቲክ ነው የሚያስገጥመው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊንቦክስ በሚባለው ማስተዳደሪያው ላይ አጥቂ ያለ ፈቃድ ገብቶ ፓስወርድ እንዲያነብ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ኩባንያው በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ ደፈነው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2021፣ «ሜሪስ» የተባለ መረብ የሩሲያውን የኢንተርኔት ኩባንያ ያንዴክስን በሴኮንድ 21.8 ሚሊዮን ጥያቄ ደበደበው። ዋናዎቹ ወታደሮች እነማን ነበሩ? እነዚያው በ2018 ተጠልፈው የነበሩ ሚክሮቲኮች። ከመካከላቸው አፕዴት የተደረጉም ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ቀዳዳውን ደፍነው አሮጌውን ፓስወርድ ስለተዉት ሌባው በያዘው ቁልፍ ተመልሶ ገባ።

ስለዚህ ሚክሮቲክ ላይ አፕዴትና ፓስወርድ ተነጣጥለው አይሄዱም፤ ሁለቱንም አድርጉ። ቀጥላችሁ በዊንቦክስ ገብታችሁ «ሲስተም» ሥር ያለውን «ስኬጁለር» ክፈቱ። እናንተ ያልጻፋችሁት፣ ከኢንተርኔት ፋይል የሚያመጣ ትእዛዝ እዚያ ካለ ተጠልፋችኋል። «አይፒ» ሥር «ሶክስ» የሚለው በርቶ ካገኛችሁትና እናንተ ካላበራችሁት አጥፉት። የማታውቁት «ኤልቱቲፒ» ግንኙነትም ካለ ሰርዙ። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁበትን ራውተር እኔ እየመረጥኩ አላጸዳም። «ኔት ኢንስቶል» በሚባለው መንገድ ከዜሮ ጭኜው እንደ አዲስ አዋቅረዋለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርግጠኛ እሆናለሁ።

አሁንም ሚክሮቲክ ላይ ነኝ። የድረ-ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚቀይረው «ዲኤንኤስ» ውስጥ «አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። የውስጥ ሰዎች ፈጣን መልስ እንዲያገኙ ብለን ሁላችንም ምልክት እናደርግባታለን። ችግር የለውም፤ ግን የራውተሩ ማጣሪያ፣ ፋየርዎሉ፣ ከውጭ በኩል የሚመጣውን ፖርት 53 ካልዘጋው ራውተሩ ለመላው ዓለም መልስ ሰጪ ይሆናል።

ያ ለምን ክፉ እንደሆነ ላስረዳ። አጥቂው ለራውተራችሁ ትንሽዬ ጥያቄ ይልካል፤ የላኪው አድራሻ ላይ ግን የራሱን ሳይሆን የሚያጠቃውን ሰው አድራሻ ይጽፋል። በሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ለሺህ ሰው «እባክህ ደውልልኝ» እንደመላክ ነው፤ ሺሁም ቅን ሆነው ይደውላሉ፣ የዚያ ሰው ስልክ ግን ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በዲኤንኤስ የሚወጣው መልስ ከጥያቄው እስከ 54 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ሰዓት ማስተካከያው ኤንቲፒ አሮጌ ከሆነ እስከ 556 እጥፍ ይደርሳል። ሜምካሽድ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ደግሞ እስከ 51,000 እጥፍ! እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 የፕሮግራመሮች ድረ-ገጽ የሆነውን ጊትሃብን በሴኮንድ 1.35 ቴራቢት የመታው ጎርፍ የመጣው ኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው ከተተዉ ሜምካሽድ ሰርቨሮች ነው። የእነዚያ ሰርቨሮች ባለቤቶች ቫይረስ አልነካቸውም። አንድ ፖርት ሳይዘጉ ቀሩ፣ በቃ።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ መመሪያዬ አጭር ነው። ዩዲፒ 53፣ 123፣ 1900 እና 11211 ከውጭ እንዳይገቡ ዝጉ። አገልግሎቱን ለውጭ የምትሰጡበት በቂ ምክንያት ካላችሁ ብቻ፣ ያንንም ለተለዩ አድራሻዎች ክፈቱ። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠራበትን 3389ንም ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ከኔትወርካችሁ የሚወጣ ማንኛውም ነገር የላኪው አድራሻ የእናንተ መሆኑን ራውተሩ እንዲያጣራም አድርጉ። ይሄ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2000 ጀምሮ ለኔትወርክ ባለሙያዎች በይፋ የተመከረ ነው። ሁሉም ቢያደርገው ኖሮ የአድራሻ ማጭበርበሩ መንገድ ያጣ ነበር።

ዊንዶውስና ክራክ

ከመርካቶም ሆነ ከቦሌ የምትገዙት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱ ተጭኖ፣ ኦፊሱ ተጭኖ፣ ሁሉም «አክቲቬት» ተደርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ያን ያደረገው ፕሮግራም ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የክራክ መመሪያ የመጀመሪያ መስመሩ ሁሌም ያው ነው፦ ፀረ-ቫይረሱን አጥፉ። ፀረ-ቫይረስ አጥፍታችሁ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስታስነሱ ኮምፒውተሩን በእጃችሁ እያስረከባችሁ ነው።

አሁኑኑ አንድ ነገር ተመልከቱ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ክፈቱ። የቫይረስ መከላከያው ክፍል ውስጥ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ነክታችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ። ፀረ-ቫይረሱ እንዳያያቸው የተነገረው ቦታዎች ዝርዝር ነው። ባዶ መሆን አለበት። ያየሁት አንድ የሒሳብ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ሲ ድራይቭ በሙሉ ነው። ይሄ ማለት ፀረ-ቫይረሱ በርቷል፣ አረንጓዴ ምልክቱ ይታያል፣ ግን ምንም አያይም። እናንተ ያላስገባችሁትን ሁሉ ከዝርዝሩ አውጡና «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሱ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ዊንዶውሱ ከመከፈቱ በፊት ይፈትሻል። ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ለመግዛት አቅም ካለ ግዙ። ከሌለ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ጫኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በአማርኛ ይጻፍባቸዋል፣ ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ ናቸው። የትምህርት ቤት ቤተ-ሙከራ ሲሰጠኝ የማቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው።

አፕዴት አጥፍታችሁ የምትጠቀሙም ብዙ ናችሁ፤ ፓኬጅ ይበላል ብላችሁ። ይገባኛል። ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ኔትወርኩን «ሚተርድ ኮኔክሽን» ብላችሁ መዝግቡትና ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አፕዴት አድርጉ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጃንዋሪ 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። 10 ላይ ያላችሁ ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት ተመዝገቡ፣ ወይም ወደ 11 እለፉ። ማሽኑ ለ11 ካልበቃ ወደ ሊኑክስ ሂዱ።

ነፃ ቪፒኤን

በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ሲዘጉ ያላወረድነው ቪፒኤን አልነበረም። ስሙን ያልሰማነውን ሁሉ ጫንን። ብዙዎቹ ዛሬም ስልካችንና ኮምፒውተራችን ላይ አሉ።

አንዳንድ ነፃ ቪፒኤን ሒሳቡን የሚያወራርደው በእናንተ መስመር ነው። ሆላ የሚባለው የተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በሚል ስም ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ታወቀ፤ የታወቀውም አንድ ድረ-ገጽ በዚያ በኩል ጥቃት ስለደረሰበት ነው። በሜይ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር «911 ኤስ5» የተባለ መረብ አፈረሰ። 19 ሚሊዮን የአይፒ አድራሻ ነበረበት። የተስፋፋው ማስክቪፒኤን፣ ዲውቪፒኤን፣ ፓላዲንቪፒኤን፣ ፕሮክሲጌት፣ ሺልድቪፒኤንና ሻይንቪፒኤን በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ነው። ከእነዚህ አንዱ ያላችሁ ዛሬውኑ አጥፉ። ሌላውንም ቢሆን የማትጠቀሙበትን ቪፒኤን አታስቀምጡ።

አውቆ መዝመትም አለ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ፀብ ሲጦዝ «ይሄን ፕሮግራም ጫኑና የእነ እገሌን ገጽ እንጣለው» የሚል ይመጣል። አትንኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ቪዛንና ማስተርካርድን ለማጥቃት ሎይክ የሚባለውን ፕሮግራም የጫኑ ብዙ ወጣቶች ፕሮግራሙ አድራሻቸውን እንደማይደብቅ አላወቁም ነበር። ፖሊስ ቤታቸው ድረስ መጣ። በእኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላውን የኮምፒውተር ሥርዓት ማወክን በወንጀል ያስቀጣል።

እንዴት ይታወቃል?

የሚወጣውን ተመልከቱ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወርድ እንጂ የሚልክ አይደለም። ማንም ሳይጠቀም «አፕሎድ» ከፍ ብሎ ከቆመ አንድ ዕቃ እየላከ ነው። ብዙ ራውተሮች ገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ወይም ሱቁ ተዘግቶ ሳለ መፈተሽ ጥሩ ነው። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ የቱ ሲነቀል እንደሚረጋጋ እዩ። በእርግጥ ጉግል ድራይቭ ፎቶ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስም አፕዴቱን ለሌላ ኮምፒውተር ያካፍላል። ቶሎ ፍርድ አትስጡ።

ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሪሶርስ ሞኒተር»ን ክፈቱ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ «ሴንድ» የሚለውን ዓምድ ንኩት። ብዙ የሚልከው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ፣ ወይም ስሙ የዊንዶውስ መስሎ የተቀመጠው ግን ከጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ከሆነ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

ከተገኘ በኋላ

ከኔትወርኩ ንቀሉት። የግል ፋይሎቻችሁን፣ ፎቶና ሰነድ ብቻ፣ ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ። ፕሮግራም አትቅዱ። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ገጽ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ አውርዳችሁ ከዜሮ ጫኑ። ፓስወርዶቻችሁንም ከንጹሑ ኮምፒውተር ቀይሩ፤ ኢሜይሉን በመጀመሪያ፣ የባንኩን ቀጥሎ። ኮምፒውተሩን ለጥቃት ያሰለፈው ሰው የጻፋችሁትን ሁሉ ሊያነብም ይችል ነበር።

ቢሮ ከሆናችሁ ወይም ቋሚ አይፒ ካላችሁ ነገሩን ለኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አሳውቁ። ኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን ሳፋሪኮም፣ «ኢንተርኔት አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አትደውሉ። የአይፒ አድራሻችሁን፣ መላኩ የጀመረበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ የትኛው ዕቃ እንደነበር፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጽፋችሁ ስጧቸው። ከሌላ አገር ቅሬታ መጥቶባችሁ ከሆነ፣ ወይም አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ገብቶ ኢሜይላችሁ አልደርስ ካለ፣ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክ ወይም ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ደግሞ ለኢንሳ አሳውቁ፤ የሳይበር ጥቃት ምላሽ የሚሰጥ ክፍል አላቸው።

የዕቃዎቹን ዝርዝር የጻፋችሁበትን ወረቀት ራውተሩ አጠገብ ለጥፉት። አዲስ ካሜራ ወይም ቲቪ ሲገዛ እዚያ ላይ ይጨመር። ካሜራ የሚገጥም ሰው ሲመጣ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት የራውተሩን ገጽ አብራችሁት ክፈቱና ዲኤምዜድና ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሉት ባዶ መሆናቸውን አሳዩኝ በሉት። ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።